ሚሊሜትር ኮን የጣለችበት ቀን

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏ፣ ልጇና መንጃ ፈቃዷ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ናት።

ስሙን ያወጡላት የሲሚንቶ ፋብሪካው ሾፌሮች ናቸው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ሥራዋም በር ላይ ተቀምጣ የሚገባና የሚወጣውን መኪና መመዝገብ። አንድ ቀን ብድግ ብላ «እኔም ተሳቢ እነዳለሁ» ስትል ግቢው በሳቅ ተናጋ። የሳቁት ያላወቁት ነገር ነበር። ስምንት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ እነሱ ጥላ ሥር ሲያንቀላፉ፣ የሾፌሮቹ አንጋፋ ከመጋዘኑ ጀርባ ሲያስተምራት ከርሟል። «እሺ፣ እንግዲያውስ ያንን ተሳቢ በሦስተኛው መጋዘን በር የኋሊት አስገቢልን» አሏት። ያ በር ስንቱን ጎምቱ ሾፌር ያሳፈረ በር ነው። ማንም ሳይጮህላት፣ ማንም «ና፣ ና፣ በቃ» ሳይላት አስገባችው። አንዱ ሊያላግጥ ማስመሪያ ይዞ ሄደና በመስተዋቱና በግድግዳው መካከል የቀረውን ለካ። ሲመለስ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «ሚሊሜትር ነው የቀራት» አለ። ስሟ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ሆነ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳች። በዚያ ሁሉ ዘመን አጥር አልነካችም፣ የመንገድ ጠርዝ አልወጣችም፣ የሰው በረንዳ አላፈረሰችም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ደንበኞቹ ስለ ሚስቱ ሲጠይቁት መቀሱን ሳያስቀምጥ «ልክ በማወቅ ትበልጠኛለች፤ እኔ ብሳሳት በጨርቅ ነው፣ እሷ ብትሳሳት በሰው ቤት ነው» ይላል። እሷም ይህን ስትሰማ አንገቷ ቀና ይላል። አዎ፣ ትኮራለች። ኩራት ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ሠላሳ ቶን ከጀርባቸው አስከትለው ቁልቁለት ወርደው አያውቁም።

አንድ ልጅ ነው የወለደችው፤ ሴት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አገር ለአገር ትዞር ነበር። ሌላው ልጅ ተረት ይነገረዋል፤ ለዚች የሚነገራት ስለ ጎማ ነበር። ማታ ራት ተበልቶ ጠረጴዛው ሲጸዳ እናት የባሏን ካውያ ታነሣና በገመድ አስራ ትጎትተዋለች። በብርጭቆ ዙሪያ ስታዞረው እጇ ብርጭቆውን ሳይነካ ያልፋል፤ ከኋላ የሚጎተተው ካውያ ግን ወደ ውስጥ ይቆርጥና ብርጭቆውን ይገፋዋል። «አየሽ? የፊቱ ጎማ በሄደበት የኋላው አይሄድም። ትንሽ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን አያውቅም፤ መንገድ የሚሠራ ሰው ግን ካላወቀ ወዮለት» ትላታለች። አባትየው ከወዲያ «ካውያዬን ብቻ እንዳትጥሉት» ይላል።

ልጅቷ አድጋ የመንገድ መሐንዲስ ሆነች። የከተማው መንገድ ሥራ ቢሮ ተቀጠረች፤ ሦስት ዓመት ግን የሌላውን ንድፍ ስትገለብጥ ኖረች። በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያ የራሷ የሆነ ሥራ ተሰጣት። የከተማው መውጫ ላይ አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ አለ። የጭነት መኪኖች እዚያ ሲጠመዘዙ ይፋጠጣሉ፤ አንዱ ካልተመለሰ ሌላው አያልፍም። እዚያ ላይ አደባባይ እንድትነድፍ ታዘዘች። በአንድ ወገን የጤና ጣቢያ አጥር፣ በሌላው ወፍጮ ቤት አለ፤ ወደ ውጭ መስፋት አይቻልም። ከመሐሉ ደግሞ የቢሮው ኃላፊ ፏፏቴ ይፈልጋል። ስለ ፏፏቴው ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለሰልሳል።

ልጅቷ ለፋች፣ ነደፈች፣ በኮምፒውተር ሞከረች፤ ረጅሙ ተሳቢ ያልፋል አለ ኮምፒውተሩ። ኃላፊው ግን ጠንቃቃ ነው፤ ግንባታው ሳይጀመር በእውነተኛ መኪና ይሞከር አለ። ካለፈ ይሠራል፤ ካላለፈ ሥራው ለውጭ አማካሪ ይሰጥና እሷ ወደ ግልበጣዋ ትመለሳለች። ማን ይንዳው ሲባል ኃላፊው አላመነታም። «ሚሊሜትር እያለች? እሷ ከነዳችው ማንም አይከራከርም።»

ሚሊሜትር ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። መልእክቱ ሲደርሳት የሠርግ ጥሪ የመጣላት ያህል ደስ አላት። ልጄ ነድፋ እኔ ልነዳ! ከዚህ በላይ ምን አለ? በዋዜማው ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ገርጥቷል። ምግቡን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው።

«እማዬ፣ ነገ አደራሽን» አለች።

«በእኔ ይሁንብሽ» አለች እናት። ከአፍ የወጣ ከእጅ ያመለጠ ማለት ይኼኔ ነው።

ሙከራው የተደረገው ሥራ ባቆመ የእህል መጋዘን ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። የአደባባዩ ልክ በሲሚንቶው ወለል ላይ በነጭ ኖራ ተሠመረ፤ በመሥመሩም ላይ አርባ የፕላስቲክ ኮን ተደረደረ። ባዶ መኪና እውነት አይናገርም ብላ ሚሊሜትር ተሳቢውን ሲሚንቶ አስጭናዋለች። ጎማውን አንድ በአንድ በእግሯ ነካካች። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣች፣ ወንበሩን አስተካከለች፣ መስተዋቱን በእጇ መዳፍ ጠረገች። ከቢሮው የመጡት ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ልጅቷ ንድፉን ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች።

ነዳች። መግቢያው ላይ ልትቆም ምንም አልቀራትም፤ አፍንጫውን ወደ ውጨኛው መሥመር ጣለችው፣ ቀጥ አድርጋ ወሰደችው፣ ሌላ ሾፌር ገና ድሮ በጠመዘዘበት ቦታ አልጠመዘዘችም። ጠበቀች። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ መሪውን በአንድ ጊዜ ሰበሰበችው። ዓይኗ ከመስተዋቱ አልተነቀለም፤ የተሳቢው የኋላ ጎማ ከውስጠኛው ኮን አንድ ጣት ሲቀረው መሪውን ለቀቅ አደረገች፣ መልሳ ያዘች። አርባውም ኮን እንደቆመ ወጣች።

ጭብጨባው ቀለጠ። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ በመስኮቱ ዘልቃ እጇን ሳመቻት። ሚሊሜትር ስትወርድ ጉልበቷ ሁሉ የሃያ አራት ዓመት ጉልበት መሰላት። ኃላፊው የሙከራውን ቅጽ ሰሌዳ ላይ አስደግፎ እስኪርቢቶ ዘረጋላት፤ ከግርጌው «አደባባዩ ለረጅም ተሳቢ ምቹ መሆኑን ነድቼ አረጋግጫለሁ» ይላል።

«እንዲህ ነው እንጂ እናታችን!» አለ ኃላፊው። «ከእንግዲህ የሚላተም ቢኖር ጥፋቱ የራሱ ነው።»

እስኪርቢቶው እጇ ላይ ቆመ።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ጎማው ፈንድቶ፣ ተሳቢው ተገልብጦ፣ ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ፣ ከላዩ የቆመ ሰው ወረቀት እየጻፈ «ጥፋቱ የራሱ ነው» ሲል። እነዚያን ሰዎች ታውቃቸዋለች። ዘጠኝ ሰዓት የነዱ፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ከተማውን አይተውት የማያውቁ፣ ከኋላ ክላክስ የሚጮህባቸው፣ መስተዋታቸው ላይ ዝናብ የሚወርድ ናቸው። ከመካከላቸው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ የትኛው ነው? አሁን እጇ የሠራውን ለመሥራት እሷ ራሷ ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። በዚህ ወረቀት ላይ ከፈረመች፣ ያ ሾፌር የጤና ጣቢያውን አጥር ሲደረምሰው የሚያሳዩት የእሷን ፊርማ ነው። ሚሊሜትር አልፋበት የለም ወይ ይሉታል።

ልጇን ዘወር ብላ አየቻት። ልጅቷ እየሳቀች ከባልደረባዋ ጋር ታወራለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ብላ ብትፈርም ማን ያውቅባታል?

«አንድ ጊዜ ልድገመው» አለች።

«ለምን እማዬ? አለፈ እኮ!»

«ልድገመው አልኩ።»

በሁለተኛው ዙር ሰው ሁሉ እንደሚነዳው ነዳችው። አልዘገየችም፣ አልጠበቀችም፤ መንገዱ ሲጠመዘዝ ጠመዘዘች፤ ዓይኗን ፊት ለፊት ላይ አደረገች፣ ድካም ያለበት ሰው እንደሚያደርገው። የመጀመሪያው ኮን ሲወድቅ ሰማችው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አንዱ ከኋላ ጎማ ሥር ገብቶ ፍርጥ ሲል ልቧ አብሮ ፈረጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ድምፅ ከራሷ ጎማ ሰምታው አታውቅም። ስትቆም አሥራ አንድ ኮን ተዘርሯል።

«ምነው እናታችን፣ ደከምዎት እንዴ?» አለ ኃላፊው። ከሐፍረት ሊያድናት ብሎ ነው፤ እሷም ገብቷታል። አዎ ደከመኝ ብትል ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር።

«አልደከመኝም። የመጀመሪያውን ለልጄ ብዬ ነዳሁት፤ ያ አይቆጠርም። መንገዱ የሚሠራው ለእኔ ነው እንዴ? እኔ ጡረተኛ ነኝ! ለሚመጣው ሰው ነው። ለሚመጣው ሰው ደግሞ ይኼ አይሆንም። አልፈርምም።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከአጥሩ ዘንድ አንዱ «ሚሊሜትርም አረጀች» ሲል በደንብ ሰማችው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ልጅቷ ወደ እሷ መጥታ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አደራ ብዬሽ ነበር» አለችና ኮኖቹን ልትሰበስብ ሄደች። ሊያግዟት የመጡትን መለሰቻቸው፤ አርባውንም ብቻዋን ሰበሰበች።

ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። ልጅቷ ጠዋት ቀድማ ትወጣለች፤ ማታ ገብታ በሯን ትዘጋለች። አባትየው በሁለቱ መካከል ሳህን ሲያመላልስ ከረመ። «በዚህ ቤት የሚናገረው የእኔ መቀስ ብቻ ሆነ» አለ፤ የሳቀለት ግን የለም። ሚሊሜትር ልቧ ተሰብሮ ቁጭ አለች። ስህተት እንዳልሠራች ታውቃለች። ማወቋ ግን ምንም አላጽናናትም፤ ልጇ እኮ ናት።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ በሯን ከፈተች። ንድፉን ይዛ መጥታ ከእናቷ ፊት ቆመች።

«ነገ ሥራ አለሽ?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?»

«እንግዲያው ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። እንዳንቺ የሚነዳ ስንት ሰው እንዳለ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።» ቁጣዋ ገና አልወጣላትም፤ ግን ጥያቄው የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር። ሚሊሜትር ይህን ስትሰማ በሆዷ ተመስገን አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋሉ። ተሳቢ በመጣ ቁጥር ልጅቷ ትነሣና የኋላ ጎማው የረገጠበትን በጠመኔ ታሠምራለች። እናት ሾፌሩን ገና ከሩቅ አይታ ትተነብያለች። «ይኼ ይቆርጣል። ያኛው ደግሞ በስልክ እያወራ ነው፤ እሱማ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ይወጣል።» ይወጣል። ስልሳ ሁለት ተሳቢ አለፈ፤ ከነዚያ ውስጥ እንደ ሚሊሜትር የነዱት አራት ብቻ ናቸው። ልጅቷ ቁጥሩን ደግማ ቆጠረች።

«ኮምፒውተሩ የነዳው እንዳንቺ ነው» አለች በመጨረሻ። «መሥመሩን ሳይስት፣ ሳይደክም። እኔም አመንኩት።»

«እኔን ስላየሽ ነዋ። ልጅ ሆነሽ ከእኔ ጎን ነው የተቀመጥሽው፤ ሁሉም እንዲህ የሚነዳ መሰለሽ። ጥፋቱ የኔም ነው።»

ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አስፋልቱን አሳየቻት፤ ጎማ የሚጠመዘዝበት ቦታ ተጨማዶ፣ ተገፍቶ፣ ተልጧል። «ይኼስ?» ስትላት እናት አብራራችላት። የተጫነ ተሳቢ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ ዝም ብለው አይንከባለሉም፤ ወደ ጎን እየተጎተቱ አስፋልቱን እንደ ምንጣፍ ይገፉታል። በፀሐይ ቀን ደግሞ ይብሳል። «እዚህ ላይ አስፋልት አይበቃም፤ ኮንክሪት ይሁን» አለች። ልጅቷ ጻፈች። እናቷ የተናገረችውን ስትጽፍ ማየት ለሚሊሜትር ከጭብጨባው ሁሉ በለጠባት።

ሥራው ገና ለአማካሪው ሳይተላለፍ አዲሱ ንድፍ በሁለት ሳምንት አለቀ። ወደ ውጭ መስፋት ስላልተቻለ ልጅቷ መንገዱን ወደ ውስጥ አሰፋችው፤ መኪና የሚዞረውን የመሐሉን ደሴት አሳነሰች፣ ዙሪያውንም ዝቅ ባለ የኮንክሪት እርከን ከበበችው። ትንሽ መኪና ስለሚጎረብጠው አይወጣበትም፤ የተሳቢ የኋላ ጎማ ግን ወጥቶበት፣ ረግጦት፣ ምንም ሳይሆን ይወርዳል። መግቢያዎቹንም ከፈት አደረገቻቸው። ችግሩ አንድ ነው፤ ለፏፏቴው ቦታ አልተረፈም።

ኃላፊው ንድፉን ዘርግቶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ፏፏቴዬስ?»

«እዚያ ቦታ የሚያልፈው የኋላ ጎማ ነው ኢንጂነር» አለች ልጅቷ። «ስልሳ ሁለት መኪና ቆጥሬ ነው የመጣሁት። ፏፏቴው አይቀርም ካሉኝ፣ ሥራውን ለአማካሪው ይስጡትና እኔ ወደ ግልበጣዬ ልመለስ። ያንን የድሮውን ግን ስሜን አልጽፍበትም።» ይህን ለእናቷ ስትተርክላት ሚሊሜትር ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይቺ ልጅ ማንን መሰለች?

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ጊዜ ተነፈሰና አንድ የመጨረሻ ሙከራ ፈቀደ። «ሚሊሜትር ትንዳው» አለ።

ሚሊሜትር እምቢ አለች። ልጇም ኃላፊውም ቢለምኗት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «እኔ ከነዳሁት ምኑን ፈተና ሆነ? ከመንገድ ላይ የተገኘውን አምጡ፤ የደከመውን፣ የቸኮለውን።»

እንደዚያው ሆነ። በዚያው በመጋዘኑ ግቢ፣ በአዲስ ኖራ፣ ዝቅ ያለውን እርከን በጣውላ ሠርተው፣ ኮኑን ደርድረው፣ አንዱን ሾፌር ከአውራ ጎዳናው አስቁመው አስገቡት። ጢሙ ያልተላጨ፣ ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ከሌሊት ጀምሮ የነዳ ሰው ነው። «ፈተና አለ፤ በዚህ በኩል ገብተህ በዚያ ውጣ» ብቻ ነው የተባለው። ሙዝ ይበላ ነበር፤ አልጣለውም። በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ሙዙን ይዞ ተነሣ።

ሚሊሜትር አጥሩን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። በራሷ መሪ ላይ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ሰውየው እንደ ሁሉም ሰው ነዳ፤ ቶሎ ጠመዘዘ፣ መስተዋቱን አንዴ እንኳ አላየም። የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ቆረጠ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ጎማው እርከኑ ላይ ወጣ፣ ተንከባለለ፣ ወረደ። ተሳቢው ዞሮ ወጣ። አንድም ኮን አልወደቀም።

ማንም አላጨበጨበም፤ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ፤ ሙዙን ገና አልጨረሰም።

«እናቴ፣ ፈተና አለ ብለው ነበር ያስቆሙኝ። የቱ ጋ ነው ታዲያ?»

ሚሊሜትር ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ያም አልበቃም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሌላ ሰው የማያልፍበትን ስታልፍ ኮርታለች። እንደ አሁኑ ግን ኮርታ አታውቅም። ልጇ ንድፉን ደረቷ ላይ ይዛ ከጎኗ ቆማለች፤ እናት ትከሻዋን አቀፈቻት።

«ፈተናውስ የአንተ አልነበረም ልጄ» አለችው። «የዚች ነበር። አልፋለች።»